«አናቶሚ ካጠናሁ ወዲህ እጄ ተሳሰረ»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እስላለሁ። መሳል ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። እሳቸው መሪጌታ ናቸው፤ ሥዕለ ቅዱሳን ይስላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀለም እየበጠበጥኩላቸው፣ የልብሱን ጥለት እየሞላሁላቸው ነው ያደግኩት።

ባለፈው መስከረም አንድ የተረት መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው 12 ሥዕል አዘዘኝ። እስከ ዛሬ ካገኘሁት ሥራ ትልቁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሥዕሎች ስልክለት እንዲህ አለኝ፦ «ፊታቸው ደስ ይላል። ሰዎቹ ግን አሻንጉሊት ይመስላሉ። ቢሮጡም ቢቀመጡም አንድ ናቸው። ትንሽ አናቶሚ አጥኚ።»

እሺ ብዬ አንድ ወፍራም የአናቶሚ፣ ማለትም የሰውን አካል አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ከጥቅምት ጀምሮ አራት ወር ሙሉ አጠናሁ። አሁን የአጥንቱንም የጡንቻውንም ስም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። ስስል ግን እጄ ተሳሰረ። የምስለው ሰው ሁሉ ቆዳው የተገፈፈ ይመስላል። የተረቱ ዋና ገጸ ባሕርይ የ8 ዓመት ልጅ ናት፤ አንገቷ የታጋይ አንገት ሆነብኝ። የድሮዎቹ ሥዕሎቼ ይሻሉ ነበር።

ቤትም ሰላም የለኝም። እናቴ ደብተሬን ከፍታ የራስ ቅልና የራቁት ሰው ሥዕል አየች። ደነገጠች። «ምን ነካሽ? ጠበል እንሂድ» አለችኝ። አጎቴ ደግሞ «ቅዱሳን በክብራቸው እንጂ በሥጋቸው አይሳሉም» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ጠርተውኝ አያውቁም።

የአክስቴ ልጅ ሕክምና ይማራል። ነጭ ጋውን አልብሶ አስከሬን የሚጠናበት ክፍል ሊያስገባኝ ይችላል። እፈራለሁ። ግን ትልልቆቹ ሠዓሊዎች እንደዚያ ነው የተማሩት ይባላል። ሥራውን የማስረክበው ሰኔ 30 ነው። አናቶሚውን ትቼ ወደ ድሮው ልመለስ? ወይስ ደፍሬ ልግባ?

እጄ የተሳሰረብኝ፣ ከአዘዞ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ዓይኔ የቀረው «የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር» የምትለው ቦታ ላይ ነው። አራት ወር ለፍቶ ወደኋላ የሄዱ ሲመስል ልብ ይሰብራል። በዚያ ላይ ቤትሽ ውስጥ የሚያናግርሽ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ ሥዕሉን አለመተውሽ ራሱ ለእኔ ብዙ ይነግረኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰውየው «አሻንጉሊት ይመስላሉ» ሲልሽ የጎደለው ጡንቻ ነበር? እንደጻፍሽልኝ ከሆነ «ቢሮጡም ቢቀመጡም አንድ ናቸው» ነው ያለሽ። እሱ ያወራው ስለ እንቅስቃሴ ነው። አንቺ ግን «አናቶሚ» የምትለዋን ቃል ይዘሽ ሄድሽ። የጠየቀሽ ሌላ፣ ያጠናሽው ሌላ ሆነ። ጥፋት አይደለም። ቃሉን ሰምቶ መጽሐፍ የማይከፍት ማን አለ? ደግሞ «ፊታቸው ደስ ይላል» ማለቱን አትርሺ። ያንን የሰጡሽ አጎትሽ ናቸው። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

እናትሽ ዶሮ ሲገነጥሉ አይተሻል። 12 ብልት ያወጣሉ። ቢላው አጥንት አይሰብርም። ጣታቸው ክንፉን ከፍ ዝቅ ያደርግና የሚታጠፍበትን ያገኘዋል፤ ቢላው እዚያ ይገባል። የመጋጠሚያውን የሕክምና ስም ብትጠይቂያቸው አያውቁትም። ቦታውን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያገኙታል። ወጌሻም እንደዚያው ነው። ወለም ያለውን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ ያደርግና «እዚህ ነው» ይላል። ለሠዓሊ የሚያስፈልገው እውቀት ይህን ይመስላል። አንቺ ስሙን ይዘሻል። አሁን የቀረሽ የት እንዳለና ሰውነት ሲንቀሳቀስ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ አራቱ ወር አልባከነም፤ ግማሹ መንገድ ቀርቶሻል።

ሥዕልሽ ለምን እንደባሰበት ግልጽ ይመስለኛል። ያወቅሽውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እያወጣሽው ነው። ሊዮናርዶ ዳቪንቺ ከ30 በላይ አስከሬን ከፍቶ እንዳጠና ተናግሯል። ከእሱ በላይ ጡንቻ ያየ ሠዓሊ ማግኘት ይከብዳል። እሱ ራሱ ግን ሠዓሊዎችን አስጠንቅቋል። ጡንቻውን ሁሉ አጉልቶ የሚስል ሰው፣ ሥዕሉ ሰው መሆኑ ቀርቶ ፍሬ የታጨቀበት ጆንያ ይሆንበታል ብሏል። አየሽ፣ ያንቺን ችግር ከ500 ዓመት በፊት ያወቀው ሰው ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን ለጊዜው ዝጊውና በአንድ ነገር ጀምሪ። በትከሻ። ለምን ትከሻ? ጎንደር ስለሆንሽ። እስክስታ ባለበት አገር ትከሻን ከስልክ ላይ መማር ያሳዝነኛል።

እስቲ አሁኑኑ ሞክሪው። በቀኝ ጣትሽ ጉሮሮሽ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ንኪ። ከዚያ ጣትሽን ወደ ግራ ውሰጂው። ቀጭን አጥንት ታገኛለሽ። እስከ ትከሻሽ ጫፍ ድረስ ተከተይው። አሁን ግራ ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ ሳቢው። አጥንቱ ከጣትሽ ሥር ተነሳ አይደል? ወደፊት ግፊው፤ አብሮ ይመጣል። ክንድሽን ከደረትሽ ጋር በአጥንት የሚያገናኘው ይህ ብቻ ነው። ጀርባሽ ላይ ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ከጎድን አጥንትሽ ጋር አልተጋጠመም። ጡንቻ ይዞት ጎድኑ ላይ ይንሸራተታል። እስክስታ የተቻለው ለዚህ ነው። ያ አጥንት ጎድን ላይ ተጋጥሞ ቢሆን ኖሮ ትከሻ አይርገፈገፍም ነበር።

አሁን አሻንጉሊትን አስቢው። ክንዱ በአንድ ቦታ ላይ ተሰክቶ ብቻውን ይዞራል። እጁን ወደ ላይ ስታነሺው ትከሻው ባለበት ይቀራል። ሰው እንደዚያ አይደለም። ሰው እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ያ ቀጭን አጥንት ወደ ላይ ያጋድላል፤ ጠፍጣፋው አጥንት ይዞራል፤ አንገቱ ያጠረ ይመስላል፤ የጎኑ ቆዳ ከብብቱ እስከ ወገቡ ይሳባል። አዛዥሽ «አሻንጉሊት» ሲል ያየው ይህንን ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ በዚህ ቃል ባይነግርሽም።

ሥራው እንዲህ ይሁን። የሠፈር ልጆችን ወይም ጓደኛሽን እስክስታ አስጨፍሪና በስልክሽ ቅረጪ። ከዚያ ቪዲዮውን እያቆምሽ ሳይ። ለአንዱ ሥዕል አንድ ደቂቃ ብቻ። ከጉሮሮ ሥር የሚነሱት ሁለቱ አጥንቶች፣ የአከርካሪው መስመር፣ ሁለቱ ክንዶች፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ። ጡንቻ የለም። ፊትም የለም። ፊት መከልከሌ ሆን ብዬ ነው፤ ፊት ላይ ጎበዝ ስለሆንሽ ሲጨንቅሽ ወደዚያ ትሸሺያለሽ። በቀን አስር ሥዕል፣ ለሁለት ሳምንት። አንዱንም አትቅደጂ።

ከትከሻ ቀጥሎ ክብደት ነው። እዚህ ላይ ከራሴ ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ የልጆች መጽሐፍ ቡና የምትወቅጥ ሴት ስዬ ነበር። ታትሞ ወጣ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት አዩትና «ይህቺ ሴት ዘነዘናውን ይዛዋለች እንጂ አትወቅጥም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ብድግ ብለው ሙቀጫውን አመጡ። ዘነዘናው ወደ ላይ ሲሄድ ጀርባቸው ቀና አለ፤ ተረከዛቸው ከመሬት ለቀቅ አለ። ሲወርድ ከወገባቸው ታጠፉ፤ ጉልበታቸው ላላ አለ። መላ ሰውነታቸው ነበር የሚወቅጠው። እኔ የሳልኳት ሴት ከክርኗ በታች ብቻ ነበር የምትንቀሳቀሰው። እንደሳቸው አድርጎ አናቶሚ ያስተማረኝ ሰው የለም።

ክብደትን ለማየት ሩቅ አትሄጂም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጥግ ይዘሽ ቁጭ በይ። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በሁለት እግሩ እኩል አይቆምም። አንዱ እግር ላይ ይጥለዋል። ያኔ ክብደቱን በያዘው እግር በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፤ በዚያው በኩል ትከሻው ዝቅ ይላል። ከጉሮሮው ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቀጥ ያለ መስመር ብታወርጂ፣ ክብደቱን የያዘው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያርፋል። ዱላ ወይም መቋሚያ ከተደገፈ ግን መስመሩ ወደ ዱላው ይወጣል። ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለ እረኛ ካገኘሽማ ደስ ይበልሽ፤ የትከሻ አጥንቶቹ ከኋላ ተቀራርበው ደረቱ ይከፈታል። ሰዎቹን ስትስይ ግን አስፈቅጂ። «ሠዓሊ ነኝ፣ እየተለማመድኩ ነው» ካልሽ አብዛኛው ሰው ይስቅና እሺ ይላል፤ እምቢ ያለሽን አመስግነሽ እለፊ።

«የኛ ሰው ጋቢ ለብሶ ምኑ ይታያል?» ትዪኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ሰውነትን ያስተማረኝ ጋቢ ነው እላለሁ። ጋቢ በራሱ ቅርጽ የለውም። የሚንጠለጠለው ከትከሻ ጫፍ ነው። የሚሰበረው ክርን ላይ ነው። ሰው ሲቀመጥ ጉልበት ላይ ይወጠርና ከጉልበት በታች ይወድቃል። እነዚህን ቦታዎች ካወቅሽ ሰውየው ጋቢው ውስጥ እንዳለ ታሳያለሽ። ካላወቅሽ ጋቢው ብቻውን የቆመ ይመስላል። ለሙከራ ከሦስቱ ሥዕሎችሽ አንዱን አውጪ። ስስ ወረቀት ደርቢበትና በልብሱ ሥር የሚሆኑትን ቦታዎች በነጥብ አመልክቺ፦ የጉሮሮ ሥር፣ ሁለቱ ትከሻ ጫፎች፣ ክርኖች፣ የእጅ አንጓዎች፣ ሁለቱ የዳሌ ጫፎች፣ የጉልበት ሎሚዎች፣ ቁርጭምጭሚቶች። ነጥቦቹ ሰው ካልሠሩልሽ ችግሩ የት እንዳለ ወረቀቱ ራሱ ይነግርሻል።

ለልጅቷ አንገት መድኃኒቱ ቀላል ነው። አናቶሚ መጽሐፉ ላይ ያለው ሰው ጎልማሳ ወንድ ነው። አንቺ የሱን አንገት ሕፃን ላይ አደረግሽው። የኛ ሰው በክንድና በስንዝር እንደሚለካው ሠዓሊ በራስ ይለካል። ጎልማሳ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ሲለካ የራሱ ርዝመት 7 ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን 4 ያህል ነው። የ8 ዓመት ልጅ 6 አካባቢ ናት። አንገቷ ቀጭን ነው፤ ትከሻዋ ጠባብ ነው፤ ጡንቻዋ ከቆዳዋ ሥር አይታይም። የጎረቤት ልጅ አቁመሽ ለኪ፤ በአንድ ከሰዓት ትጨርሺዋለሽ።

አሁን ወደ አስከሬን ክፍሉ። እህቴ፣ ተደብቀሽ አትግቢ። ይህን የምልሽ ፈሪ ነሽ ብዬ አይደለም። እዚያ የተኙት ሰዎች የሰው ልጆች ናቸው፤ ክፍሉም ለትምህርት ሲባል በሥርዓት የሚከፈት ነው። ብትያዙ የአክስትሽ ልጅ ትምህርቱን ሊያጣ ይችላል። አንቺም ልብሽ እየመታ፣ በር በሩን እያየሽ ምን ትስያለሽ? ሊዮናርዶ አስከሬን ከፍቶ ያየው ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው። ዛሬ ከፍተው ያዩት ሥዕላቸውን ትተውልናል። ቬሳሊየስ የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1543 ያሳተማቸውን ሥዕሎች ፈልገሽ እያቸው። ከአጽሞቹ አንዱ አካፋ ተደግፎ ቆሟል። የሞተ አጥንት ነው፣ ግን ክብደቱ ይሰማሻል። ሠዓሊው አጥንቱን የሳለው እንደ ሕያው ሰው አቁሞ ነው።

አጥንት በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ የፊት በሩን አንኳኪ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ የሰውን አካል ማስተማር ለከተማሽ አዲስ ነገር አይደለም። የአክስትሽ ልጅ የአናቶሚ ትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ስም ይንገርሽ። አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ለልጆች መጽሐፍ እንደምትስይ ንገሪያቸው፤ አስከሬን ሳይሆን የአጽም ሞዴል ለሁለት ሰዓት መሳል እንደምትፈልጊ ግለጪ፤ ሥራሽን አያይዢ። ከፈቀዱልሽ በመጀመሪያ የራስ ቅሉን ከፊትና ከጎን ሳይ፤ ከዚያ የዳሌውን አጥንት። ካልፈቀዱልሽም 12ቱ ሥዕሎችሽ በዚህ ምክንያት አይቆሙም።

እናትሽ መደንገጣቸው አይግረምሽ። ልጃቸው ደብተር ውስጥ ድንገት የራስ ቅል አገኙ፤ ማንም አላስረዳቸውም። ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት እንደሆነ ከአንቺ በላይ ያውቁታል። በብዙ የስቅለት ሥዕሎች ላይ ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል ተስሏል። ስለዚህ የራስ ቅል መሳል በራሱ ለእሳቸው እንግዳ አይደለም። የፈሩት ላንቺ ነው። ደብተሩን አትደብቂው፤ ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይና የልጅቷን ሥዕል፣ የአዛዡን አስተያየት፣ ለምን አጥንት እንዳየሽ አንድ በአንድ ንገሪያቸው። ራቁት ሥዕሎቹን በተመለከተ፣ አሁን ለያዝሽው ሥራ የግድ አያስፈልጉሽም። እጅጌ የሌለው ሸሚዝና ቁምጣ የለበሰ ሰው፣ የራስሽ እጅና እግር በመስታወት ይበቁሻል። ወደፊት የምትፈልጊው ከሆነ ያኔ ታስቢበታለሽ፤ ነውር ሠራሁ ብለሽ ግን ራስሽን አትቅጪ።

ከዚያ «እማ፣ ቡና ስታፈዪ ልሳልሽ» በያቸው። ጀበናውን ሲያዘነብሉ ክንዳቸውን ተመልከቺ። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ከክርን እስከ አንጓ ያሉት ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይተኛሉ። መዳፍ ወደ ታች ሲዞር በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ሌላውን ተሻግሮ ይወድቃል። የክንዱ ቅርጽ በሙሉ ይለወጣል። ረከቦቱ ፊት ተቀምጠሽ ከእናትሽ እጅ ይህንን ስታዪ፣ እሳቸውም የምትሠሪውን ያያሉ። ጠበሉ ላይም ከጠሩሽ አብረሻቸው ሂጂ። ምን ይጎዳሻል?

ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን የአጎትሽ ዝምታ ነው።

«ቅዱሳን በክብራቸው እንጂ በሥጋቸው አይሳሉም» ያሉት ለእሳቸው ሥራ እውነት ነው። እሳቸው የሚስሉት ሰው ሲሮጥ እንዴት እንደሚሮጥ ለማሳየት አይደለም። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ የሚታይ፤ ክፉ ሰው በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይህ ሰውነትን ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ የራሱ ቋንቋ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ጣራውን ቀና ብለሽ ያየሽ ልጅ ነሽ። እነዚያ የመላእክት ፊቶች ጡንቻ አላስፈለጋቸውም፤ ግን ሁሉም ያዩሻል። የተረት መጽሐፉ ልጅ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ዛፍ ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትሮጣለች። ለእሷ ትከሻ ያስፈልጋታል። ሁለቱ ሥዕሎች ጠላት አይደሉም፤ የሚጠየቁት ነገር ይለያያል።

አጎትሽ የያዙት ትውፊት ራሱ ቆሞ አልቀረም። በጎንደር ዘመን መጀመሪያ ላይ ሠዓሊዎቹ ፊትን በደማቅና ጠፍጣፋ ቀለም ይስሉ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ ግን ፊትና እጅ ላይ ጥላ ማስገባት መጣ፤ ሥጋው ክብ ሆኖ መታየት ጀመረ። ልብሱም የጨርቁ አበባና ጥለት የሚለይበት ሆነ። ሊቃውንቱ ሁለተኛው የጎንደር ስልት ይሉታል። ይህን የማነሳልሽ ከአጎትሽ ጋር እንድትከራከሪበት አይደለም። እሳቸው ይህንን ከእኔና ከአንቺ በላይ ያውቁታል። ጠይቂያቸው። «ጋሼ፣ ያ ጥላ እንዴት ነው የሚገባው?» በያቸው። ጥላ ለማስገባት ጉንጩ የት እንደሚነሳ፣ ዓይን የት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ ስለ አናቶሚ ማውራት ጀመራችሁ ማለት ነው፣ ቃሉ ሳይነሳ።

አንድ ነገር ደግሞ ራስሽን ጠይቂ። አናቶሚ መማር ስትጀምሪ ነግረሻቸው ነበር? ወይስ እንደ እናትሽ ከደብተር ላይ ነው ያወቁት? ሃያ ዓመት ያህል አጠገባቸው ቀለም የበጠበጠች ልጅ ሌላ አስተማሪ ስታመጣና ሳትነግራቸው ስትቀር፣ ሰው ቅር ይለዋል። ምናልባት ያ ዝምታ ከሃይማኖት ይልቅ ከዚህ የመጣ ይሆናል። እርግጠኛ ልሆን አልችልም። አንቺ ግን ዓይናቸውን አይተሽ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ እስኪጠሩሽ አትጠብቂ። በሚሠሩበት ሰዓት ሂጂ። እንደ ድሮው ቀለሙን በጥብጪ። «ሳልነግርዎት መጀመሬ ልክ አልነበረም። የእርስዎን ትምህርት ትቼ አይደለም» በያቸው። የቀረውን ለእሳቸው ተዪው።

ስለ ሰኔ 30 ደግሞ አትሸበሪ። ዘጠኝ ሥዕል ቀርቶሻል፤ አራት ወር አለሽ። መጋቢትን ለትከሻና ለክብደት ስጪ። በወሩ መጨረሻ ለአዛዡ ሁለት ንድፍ ብቻ ላኪለት፦ ልጅቷ ስትሮጥና ስትቀመጥ። በእርሳስ፣ ያለ ቀለም። «መንገዱ ይህ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ዘጠኙን ጨርሰሽ ከምትሰሚው አሁን ብትሰሚው ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ዘጠኙን እስክትጨርሺ አትንኪያቸው። ፊታቸውን እንዳለ ትተሽ ከአንገት በታች ብቻ ማስተካከል ሊበቃ ይችላል።

አጎትሽ ዘንድ ስትሄጂ ትንሿን ደብተርሽን ያዢ። ዝምታው ለቀቅ ሲል፣ ቡሩሹን የያዘ እጃቸውን ለመሳል አስፈቅጂያቸው። አውራ ጣት ከመዳፉ ጠርዝ ላይ የሚነሳ ይመስላል፤ ግን እንቅስቃሴው የሚጀምረው ከታች ነው፣ ከእጅ አንጓው አጠገብ። መስመሩን ሲያዞሩ እዚያ ጋ ምን እንደሚንቀሳቀስ አስተውዪ። ከሳልሽው በኋላ ፎቶውን ላኪልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ።